አራት ወንበር በእሷ ስም

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አሥራ አንድ ሻንጣ ነው። በሱዳን ጊኒ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ግን ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ዋጋው ይለወጣል። ካርቱም ውስጥ ሃያ ዓመት ሻንጣ ሸጬ በሻንጣ መቁጠር ለምዶብኛል። ትልቁን፣ ባለ አራት ጎማውን ማለቴ ነው። በአሥራ አንዱ ውስጥ የሴቶቹ የውሎ አበል፣ ፉል ከነዘይቱ፣ ለትኬት ቆራጩ ማለዘቢያ፣ ወደ ሶባ ደርሶ መልስ አምጃድ የሚሏት የትንሿ ታክሲ ኪራይ፣ ለሼኹ የወሰድኩት ስኳርና ሻይ ቅጠል አለበት። ሼኽን ከባቡር ትኬት ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሱቄ ዴም ነበር፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር። ከእኔ ሻንጣ የገዛ ሰው ሌላ ቦታ የማያገኘው አንድ ጥቅም ነበረው፤ የገዛውን ሻንጣ እዚያው እኔ ዘንድ ማስቀመጥ ይችላል። ሲሰሙት ቂልነት ይመስላል። ነገር ግን ከወሎ መጥተው በየሰዉ ቤት የሚሠሩት ሴቶች የሚያድሩት አሠሪያቸው ቤት ነው፤ ማዳሟ ደግሞ በፈለጋት ሰዓት ዕቃቸውን ትበረብራለች። ስለዚህ ለእናቷ የገዛችውን ሻርፕ፣ ለሠርጓ ያሰበችውን ጨርቅ፣ ደብዳቤዋን፣ ፎቶዋን፣ ሁሉንም እኔ ዘንድ ባለ ሻንጣ ውስጥ ታስቀምጣለች። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ ትመጣና ትከፍተዋለች፤ ያለውን አውጥታ ታየዋለች፤ እንደገና አጣጥፋ ትከታለች፤ ቆልፋ ትሄዳለች። ከሱቁ በስተጀርባ ባለው ክፍል ሠላሳ አርባ ሻንጣ ተደርድሮ ነበር። ቁልፉ የእነሱ፣ አቧራው የእኔ።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱ፣ ሰማያዊው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተከፈተም። አቧራውን ስጠርግ እሱን ዘልዬ አልፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ኤርፖርት አካባቢ አነስተኛ የአስጎብኚ ቢሮ ያለው ሱዳናዊ ደንበኛዬ ላቡን እየጠረገ መጣ። ፖርት ሱዳን ላይ አንድ የሽርሽር መርከብ ሁለት ሌሊት ሊቆም ነው። ከተሳፋሪዎቹ አርባዎቹ በአውሮፕላን ካርቱም ይመጣሉ፣ ዓባይን እያዩ በባቡር እስከ ሸንዲ ይሄዳሉ፣ ፒራሚዶቹን ጎብኝተው ይመለሳሉ።

“መርከብ ላይ ናቸው ነው ያልከው?” አልኩት።

“አዎ።”

“ከመርከብ ወርደው አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወርደው ባቡር?”

“ከባቡር ወርደው አውቶቡስ። ግመልም አለ፤ እሱ ግን በፍላጎት ነው።”

“ምን አጥፍተው ነው?”

አልሳቀም። ችግሩ ሌላ ነበር። አንድ ሙሉ ፉርጎ በቡድን ለመያዝ የሦስት መሥሪያ ቤት ማኅተም ያስፈልጋል፤ የሦስተኛው ማኅተም ቁልፍ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሐጅ ሄዷል። መርከቡ ሐጅ አይጠብቅም፤ ፈረንጆቹ በሳምንቱ እሑድ ይደርሳሉ። በመስኮት ግን ማንም ሰው ካርዱን አሳይቶ አራት ትኬት ድረስ መግዛት ይችላል። ትኬቶቹ የሚመዘገቡት በገዢው ስም ነው፤ ማን እንደሚቀመጥባቸው የሚጠይቅ የለም። የወንዶቹ ሰልፍ ጣቢያውን ዞሮ መንገድ ይደርሳል። የሴቶቹ መስኮት ለብቻው ነው፣ ሰልፉም አጭር።

“አንተ ሴቶች ታውቃለህ” አለኝ።

እንዲህ ሲባል ደስ የሚለው ወንድ አለ። እኔ ያሰብኩት አርባ ለአራት ሲካፈል አሥር እንደሚሆን ነው። የሚከፍለኝን ነገረኝ፤ በሻንጣ ሲመነዘር አሥራ አራት። እሺ አልኩ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የእኛው አገር ሰው ናት፣ ሙስሊም፤ ማዮ ሰፈር ተከራይታ ትኖርና ጠዋት ጠዋት ሁለት ሚኒባስ ቀያይራ ትመጣለች። ትልቅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ፣ ስትሳደብ እንኳ ሰው ሐሜት የምታወራ ነው የሚመስለው። እኔን የምትጠራኝ “ሻንጣው” ብላ ነው። ነገሩን ነገርኳት።

“አሥር ሴት ከነካርዷ፣ ለዓርብ ጠዋት” አልኳት። “መስኮቱ የሚሠራው እስከ ጁምዓ ሶላት ብቻ ነው።”

“እኔን ቁጠረኝ። ዘጠኝ እፈልግልሃለሁ” አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ግን የሞተ ሰው ትኬት መቁረጥ ይችላል እንዴ?”

ይህ የቆየ ቀልዷ ነው። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም።

ከሦስት ዓመት በፊት ያንን ሰማያዊ ሻንጣ የገዛችኝ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆናት ነው። ዓርብ እየመጣች ሻንጣዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ሻይዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ወሬ አታበዛም። አንድ ዓርብ መጥታ ሳትከፍተው ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። ጠጋ ብዬ ሳያት ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ገላዋ ይፋጃል። ሻይ ሻጯ እሳቷን እንዳለ ትታ መጣች፤ አምጃድ ይዘን ወደ ሶባ ሆስፒታል ሄድን።

በር ላይ ፖሊስ ተቀምጦ የውጭ ዜጋ ኢቃማ ያያል፤ የመኖሪያ ካርድ ማለት ነው። የልጅቷ ኢቃማ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ያለፈ ኢቃማ ይዞ መታየት ማለት ከሐኪሙ በፊት ወደ ሌላ ቢሮ መሄድ ነው፤ እሷ ደግሞ ቆማ መሄድ አትችልም። ሻይ ሻጯ አንዴ ልጅቷን አየች፣ አንዴ ፖሊሱን። ከጉያዋ የራሷን ካርድ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

“በእኔ ትግባ” አለች። “መልካችንን እንደሆነ አይለዩንም።”

በእሷ ገባች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው አሉን። የሞት ወረቀቱ የተጻፈው በሻይ ሻጯ ስም ነው። አስተካክሉልን ብንል እስር ቤት የምትገባው በሕይወት ያለችው ናት፤ ለሞተችው ደግሞ የሚጨመርላት ነገር የለም። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሒሳቡ ልክ ነበር።

በማግስቱ ከሶባ ወዲያ ባለው መቃብር ቀበርናት። የመስጊዱ ሴቶች አጠቧት፤ ባንገቷ በክር የነበረውን የሻንጣ ቁልፍ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ሼኹ አጥሩ በር ላይ ስሟን ጠየቀኝ፤ ከወረቀቱ አነበብኩለት። “የእናቷስ ስም?” አለ። ወረቀቱ ላይ የእናት ስም የለም። ዞሬ ሻይ ሻጯን አየኋት። የገዛ እናቷን ስም ተናገረች። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች፣ ቶብ የሚሉትን መከናነቢያዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ በክርስትና ያደግሁ ሰው ነኝ። ሼኹ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ስም ጠርቶ፣ ከሥር ያለችውን ልክ እንደሚሰማው ሰው ሲያናግራት አየሁ። የሐዘን ወግ ነው ብዬ አለፍኩት።

ምልክት እንዲሆን የተሰበረ ሻንጣ የሚጎተትበትን የአሉሚኒየም እጀታ ራስጌዋ ላይ ተከልኩ። ስልኳ ላይ አንድ የአገር ቤት ቁጥር ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አንዴ የወንድ ድምፅ ሃሎ ብሎ ተቋረጠ። አራተኛ አልደወልኩም። ሻንጣዋን አልከፈትኩም። ካርዷን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳ ስቀይርም ከገንዘቡ ጋር ይዛወር ነበር።  የሰው ፊት አለበት፤ የት ይጣላል?

ከዚያ ወዲህ ሻይ ሻጯ ገበያ ሲቀዘቅዝ “እኔ እንደሆነ ተቀብሬያለሁ” ትላለች። የራሷን ካርድ ጊዜው ሲደርስ አሳደሰችው፤ ማንም ምንም አላላትም። መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጣቢያው በር ላይ ተገኘሁ። ሴቶቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ መጡ፤ ፉላቸውን በሉ። ካርዳቸውን ተቀብዬ ተራ በተራ አየሁ። ከመካከላቸው የማላውቃት አንዲት ነበረች። አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ ዘንድ ሻንጣ ያላት ጓደኛዋ ናት ያመጣቻት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዴምን ረግጣ የማታውቅ። ካርዷን ስትሰጠኝ እጇ ትንሽ ዘገየ።

“ጋሼ፣ ስሙ የእኔ አይደለም” አለችኝ ቀስ ብላ። “ሲያመጡኝ በዚህ ነው ያመጡኝ። ያስቸግራል?”

“ትኬት ቆራጩ የሚያገባሽ አይደለም” አልኳት። “የማንስ የራሱ ነው?”

ሴቶቹ ሳቁ። እውነቴን ነበር፤ ካየኋቸው ካርዶች መካከል አራቱ የሌላ ሰው ነበሩ።

ስቆጥር ግን ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛዋን ማዳሟ እንግዳ ጠርታ አስቀርታታለች። ሠላሳ ስድስት ትኬት፤ አራት ይጎድላል። ሌላ ሴት ፈልጎ ለማምጣት ጊዜ የለም፤ ጁምዓ እየተቃረበ ነው። ሻይ ሻጯ ተራዋ ደርሶ በራሷ ካርድ አራቱን ቆርጣ ተመለሰች። ቦርሳዬን አወጣሁ። የሟቿን ካርድ ስታይ ወዲያው አወቀችው።

“እሱ አይሆንም” አለች።

“ቀኑን አያዩም። ስም ብቻ ነው የሚገለብጡት።”

“ቀኑን አይደለም ያልኩት።”

“አራት ትኬት ነው። ማንን ይጎዳል?”

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ካርዱን ወሰደች፣ ቶቧን እስከ አፍንጫዋ ሳበች፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ እንደገና ቆመች።

መስኮቱ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ካርዱን እያየ ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሁለተኛው ከኋላው ተቀምጦ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሚንጫጫ የተሰነጠቀ ቬንትሌተር ስላለ መጮህ ግድ ነው። የሱዳን ካርድ ደግሞ ስም ከነአባት፣ ከነአያት፣ ከነቅድመ አያት ይዘረዝራል። እኔ ከወንዶቹ በኩል ሁለቱን ሰልፍ የሚለየውን ብረት ተደግፌ ቆሜያለሁ። የሻይ ሻጯ ተራ ደረሰ። ሰውዬው አነበበ። የሟቿ ስም፣ ያባቷ፣ ያያቷ፣ የቅድመ አያቷ፣ አራቱም በዚያ ጣሪያ ሥር ጮኹ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም በአፉ አልጠራውም ነበር። 

ከዚያ የአል-ማንሺያዋን ሴት አየኋት። ትኬቷን ቆርጣ ጨርሳ ከውኃው ጋን አጠገብ ቆማ ነበር። ጣሳው ከእጇ ወደቀ።

ወደ ሻይ ሻጯ ሄደች። እጇን ይዛ ፊቷ ላይ ያለውን ቶብ በቀስታ ዝቅ አደረገች፤ ልክ ከሥሩ ሌላ ፊት እንደምትጠብቅ። ሻይ ሻጯ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። የአል-ማንሺያዋ ልጅ ብረቱን ተሻግራ መጣች።

“ጋሼ፣ የእህቴ ስም ነው” አለችኝ። “አባታችንም አያታችንም ናቸው የተጠሩት።”

ያኔ ነው የገባኝ። የራሷ ካርድ የሌላ ሰው ስለሆነ የአባቷን ስም ሳነብ ምንም ሊገናኝልኝ አይችልም ነበር። ካነበብኳቸው ካርዶች ሁሉ እሷን ሊያስታውቀኝ የሚችለው ያልተሰለፈችው የሟቿ ካርድ ብቻ ነበር።

“ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እሷን ፍለጋ” አለች። “እስር ቤት ጠይቄያለሁ። ሶባ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ መዝገቡን አሳይተውኛል። የለችም። ከሟች መዝገብ ከሌለች አለች ማለት ነው ብዬ ነው የቆየሁት።” ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየች። “ትኬት እያስቆረጠች ነው። ልትሄድ ነው እንዴ?”

ሻይ ሻጯ ትኬቶቹን ይዛ እየመጣች ነው። አርባ ሞላ። ልጅቷ እዚያ ብትጮህ ፖሊስ አለ፤ ካርዶቹ ሁሉ ይታያሉ፤ ዘጠኙም ሴቶች ይለቀማሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አሥራ አራቱ ሻንጣም እውነት ነበር።

“ባቡሩ እሑድ ጠዋት ነው” አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም። ባቡሩ እሑድ ጠዋት ነበር።

“እመጣለሁ” አለች። ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ መናገር አልፈልግም።

ስትሄድ ሻይ ሻጯ አጠገቤ ቆመች። “ሻንጣው፣ ምንድን ነው ያደረግኸው?”

“ትኬት ገዛሁ።”

“እኔ ሞቼም እንዲህ አላደርግ” አለች። ቀልዷ አልነበረም።

እሑድ ስደርስ ቀድማኝ መጥታለች። ሒና ሞቃለች። በፌስታል በሶ ይዛለች፤ እህቴ ትወደዋለች አለችኝ። ለማዳሟ ምን ብላ እንደወጣች አልጠየቅኳትም። ፈረንጆቹ ሰፋፊ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አስጎብኚው ከፊት ከፊት እየሮጠ፣ መጡ። ሠላሳ ሰባት ናቸው፤ ሦስቱ ሆዳቸውን ታመው መርከቡ ላይ ቀርተዋል። ዕጣ ሆኖ ባዶ የቀሩት ሦስቱ ወንበሮች በሟቿ ስም ከተቆረጡት፣ ፊት ለፊት ከሚተያዩት አራት ወንበሮች መካከል ነበሩ። አራተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ።

“የእሷ የትኞቹ ናቸው?” አለችኝ። ቁጥሩን አነበብኩላት። ከእሱ ጎን ተቀመጠች። ፌስታሏን ፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠች።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መቀመጫዋን አጥብቃ ያዘች። “ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ትሳፈር ይሆናል” አለችኝ። እኔ የአስጎብኚው ረዳት መስዬ መተላለፊያው ላይ ቆሜያለሁ። ዓባይ በግራ በኩል ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ፈረንጆቹ ሁሉ ወደዚያ ዘንበል እያሉ ፎቶ ያነሳሉ። ሽማግሌው የካሜራ ቦርሳውን ባዶው ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ እጁን ዘረጋ።

“ሰው አለው” አለችው በአማርኛ፣ መዳፏን ወንበሩ ላይ አድርጋ።

ሽማግሌው ገባው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ መሰለኝ ጠየቀ፤ ለባዶው ወንበርም ጭምር። ከዚያ በኋላ እግሩን ሲዘረጋ እንኳ እዚያ ያለ ሰው እንዳይረግጥ ይጠነቀቅ ነበር። የአስጎብኚው ሠራተኛ ጁስ እያደለ ሲመጣ አንድ ለሽማግሌው፣ አንድ ለእሷ ሰጠ። ሽማግሌው በጣቱ ወደ ወንበሩ አመለከተ። ሠራተኛው ትከሻውን ነቅንቆ እዚያም አንድ አስቀመጠ።

ያቺን ጁስ እያየሁ ሁለት ጣቢያ ሄድኩ። በጣቢያው ሁሉ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ሰዉን ታያለች፤ ባቡሩ ሲነሳ ትቀመጣለች። ሃያ ዓመት ሰው ፊት ላይ መግዛትና አለመግዛቱን ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ወንበሩንም ደጋግሜ ሳየው፣ ቀስ በቀስ፣ ባዶ መሆኑን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።

ከሦስተኛው ጣቢያ በኋላ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። “ጋሼ፣ ሸንዲ ነው እንዴ የምትሳፈረው?”

ፉርጎውና ፉርጎው የሚገናኝበት በር ጋ ወሰድኳትና ነገርኳት። በአጭሩ ነገርኳት፤ ማስረዘም ራስን ማስተዛዘን ነው።

አልጮኸችም። ብረቱን ይዛ ቆየች።

“መቼ?”

“ሦስት ዓመት ሆነ።”

“ማን አጠባት?”

“የመስጊዱ ሴቶች።”

“ብቻዋን ነበረች?”

“ሻይ ሻጯና እኔ ነበርን።”

“በማን ስም ነው የቀበራችኋት?”

“በሻይ ሻጯ ስም፣ በእሷው እናት ስም” አልኳት። ገባት። ያን ጊዜ ነው እኔ የሐዘን ወግ ብዬ ያለፍኩት ነገር ምን እንደሆነ የነገረችኝ። ሰው ከተቀበረ በኋላ ሼኹ ሟቹን በስሙና በእናቱ ስም ጠርቶ፣ መላእክቱ መጥተው ሲጠይቁት ምን እንደሚመልስ ያስታውሰዋል። ብቻውን እንዳይደናገጥ ነው። እህቷን ግን ማንም አልጠራትም። የተጠራችው ሻይ ሻጯ ናት።

“ስሟን ቀየርክባት” አለችኝ። “እናቷንም ቀየርክባት። ስትጠየቅ ማን ነኝ ልትል ነው?” ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንቱ አላለችኝም።

“አላወቅኩም።”

“ሻይ ሻጯ ታውቅ ነበር።”

ታውቅ ነበር። አጥሩ ጋ ዞራ ቶቧን የሳበችው ለዚያ ነበር። ሦስት ዓመት ተቀብሬያለሁ እያለች ስትቀልድ የቀለደችው ለዚያ ነበር።

ተመልሳ ተቀመጠች። ሸንዲ ላይ ፈረንጆቹ ሲወርዱ እሷ አልወረደችም። ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሣላት፤ ከዚያ ለወንበሩ፤ ወረደ።

በሚቀጥለው ዓርብ አምጃድ ተከራይቼ ወደ ሶባ ሄድን፤ እሷ፣ ሻይ ሻጯና እኔ። ሼኹን ከመንገድ ያዝነው፤ የበፊቱ አይደለም፣ ሌላ፣ ያረጀ። መቃብሩ ቦታ ስንደርስ የተከልኩት እጀታ የለም። አሉሚኒየም በኪሎ ይሸጣል፤ እኔም ብሆን እነቅለው ነበር። በዚያ መደዳ ሰባት የአፈር ቁልል አለ፣ ሰባቱም አንድ ዓይነት። ከዛፉ ስንተኛ እንደሆነች ለማስታወስ ሞከርኩ። ዛፉም ተቆርጧል።

ሼኹ ነገሩን ሰምቶ ጢሙን ዳበሰ። “አላህ ያውቃታል ልጄ። በስሟ አይደለም የሚያውቃት። አያስፈልግም።”

“አላህ እንደሚያውቃት አውቃለሁ” አለች። “የማታውቀው እሷ ናት። የራሷን ስም ሰምታ ትተኛ።”

ሼኹ ካሰበ በኋላ ሰባቱ ቁልል መካከል ሄዶ ቆመ። ጎንበስ አላለም፤ ለየትኛው ይጎንበስ? ቀና ብሎ፣ የትም ብትሆን እንድትሰማ፣ ስሟን ጠራ። የእገሊት ልጅ ብሎ በእናቷ ስም ጠራት። ማንም አልመለሰም፤ አይመልስምም። ነገር ግን ሼኹም፣ ልጅቷም፣ እኔም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ይህን የሚክድ ካለ እዚያ አልነበረም።

ሻይ ሻጯ ከአጥሩ አልገባችም። ሼኹ ሲወጣ አስቆመችው።

“አባባ፣ የእኔ ስም እዚያ ውስጥ ቀርቷል። ያውጡልኝ።”

“ስምሽ አንቺ ጋ ነው፣ ሐጃ” አላት። “ሂጂ ሻይሽን ሽጪ።”

ሄደች፤ ሻይዋንም ሸጠች። ግን ተቀብሬያለሁ ማለቱን ተወች። ደንበኛ ስሟን ሲጠራትም በአንድ ጥሪ አትመልስም ነበር። ሁለተኛ እስኪጠሯት ትጠብቃለች፣ ጀበናዋን እያየች።

ከመቃብሩ ስንመለስ ልጅቷ ሱቄ ገባች። ቁልፉን ሰጠኋት። ሰማያዊውን ሻንጣ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩ። ሁለት ሻርፕ፣ ያልተከፈተ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ ከሥር ደግሞ አንድ ጥንድ የሴት ልጅ ጫማ ነበረበት። ጫማውን ከእግሯ ጎን አስቀምጣ አየችው። ለእሷ የተገዛ ነው፤ እህቷ ጥላት ስትሄድ በነበራት እግር ልክ።

አጣጥፋ መለሰችው። ቆለፈችው።

“ትወስጂዋለሽ?” አልኳት።

“ማዳሜ ትፈትሻለች። እዚሁ ይቀመጥ።” በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። “ግን ስሟን ጻፍበት። የአባታችንንም። የእናታችንንም።”

በማይለቅ ቀለም ጻፍኩት፤ እሷ እየነገረችኝ፣ ፊደል በፊደል። እዚህ ግን አልጽፈውም። የሰው ስም ለጉዳይ ማዋል ያኔ ትቻለሁ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እየመጣች ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች። እኔን ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ አትለኝም።

ጦርነቱ ሲመጣ ሱቁን እንዳለ ትቼ ወጣሁ። የጭነት መኪናው ላይ ለአንድ ሰው አንድ ዕቃ ነበር የሚፈቀደው። አሁን ያለሁት ፖርት ሱዳን ነው፣ ያ መርከብ ከቆመበት ወደብ አጠገብ፤ የሽርሽር መርከብ ካየን ቆይቷል። ልጅቷ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አራተኛም ደወልኩ። አሁን ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ፤ አይጠራም። ሻይ ሻጯን ከማዮ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። የሟቾች መዝገብ ላይ ልፈልጋት እችል ነበር፤ ስሟ ግን እዚያ ድሮም አለ፤ ባገኘውም ምንም አይነግረኝም።

ገቢ አሥራ አራት ሻንጣ። ወጪ አሥራ አንድ። ትርፍ ሦስት፤ እነሱም ካርቱም ቀርተዋል። በእጄ ያለው አንድ ሰማያዊ ሻንጣ ነው፤ የሰው ነው።